ኮሊን የት ጠፋ? ናይጅልስ ከየት መጣ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታቸው የፊልም ክበብ ጸሐፊ ናት። መልእክቷ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«የሃሪ ፖተርን ፊልሞች ስምንቱንም አይተናል። ሁለተኛው ላይ ካሜራ ይዞ የሚዞር ኮሊን የሚባል ትንሽ ልጅ አለ። ከዚያ በኋላ ደብዛው ጠፋ። አራተኛው ላይ ደግሞ ናይጅል የሚባል ሌላ ትንሽ ልጅ ብቅ አለ። ከእኛ ውስጥ መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ናይጅል የሚባል ልጅ መጽሐፉ ላይ የለም። ግማሾቹ ጓደኞቼ ‹ኮሊንን የተጫወተው ልጅ ሞቶ ነው› ይላሉ። ሌሎቹ ‹ናይጅል ማለት የኮሊን ታናሽ ወንድም ዴኒስ ነው፤ ስሙን ቀይረውት ነው› ይላሉ። የቱ ነው ልክ? የምጠይቀው ለወሬ ብቻ አይደለም። እኛም በቅኔ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ባለ ሦስት ክፍል ምናባዊ ፊልም በስልክ እየቀረጽን ነው። ክፍል አንድ ላይ ኩራዝ የሚይዝ ጥላሁን የሚባል ልጅ አለ። ቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳር ስለሄደ የተጫወተው ልጅ ክፍል ሁለት ላይ አይኖርም። ፊልሙ የተወሰደበት ድርሰት ላይ ደግሞ ጥላሁን ቆይቶ ከሞጣ የሚመጣ ታናሽ ወንድም አለው። ዳይሬክተራችን ‹ሁለቱንም ትተን እንደ ናይጅል አዲስ ልጅ በአዲስ ስም እናስገባ፤ ሆሊውድም ያደረገው ነው› ይላል። እንስማማ? ክፍል አንድን አያይዤ ልኬያለሁ።»

አትስማሙ። ስሙን ይዛችሁ ተዋናዩን ቀይሩ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ የናይጅልን ነገር ማጥራት አለብኝ። ከጓደኞችሽ አንዱ ወገን ጭራሽ ስቷል፤ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞቱ ወሬ ከንቱ ነው። ኮሊን ክሪቪን በሁለተኛው ፊልም የተጫወተው ሂዩ ሚቸል ነው። የሚሞተው ተዋናዩ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ ነው፤ እሱም መጽሐፉ ላይ። በሰባተኛው መጽሐፍ መጨረሻ፣ የጠንቋዮቹ ትምህርት ቤት ሆግዋርትስ ሲከበብ፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ተማሪዎች እንዲወጡ ይደረጋል። ኮሊን ግን ተደብቆ ይመለስና ውጊያው ላይ ይገደላል። ሬሳውን ኔቪልና ኦሊቨር ውድ ሲያነሱት ሃሪ ያየዋል። ያን ያነበበ ሰው ላላነበበ ሲያወራ፣ ያላነበበው ደግሞ ለሌላው ሲያቀብል፣ ገጸ ባሕርዩ ቀረና ተዋናዩ ሞተ ተባለ። የፊልም ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሌላም የምሰማው ስህተት አለ። «ኮሊን ሁለተኛው ላይ ድንጋይ ሆኖ ስለቀረ ነው የማይመለሰው» የሚሉ አሉ። ድንጋይ የሆኑት ሁሉ ማንድሬክ ከሚባል ተክል በተሠራ መድኃኒት ድነዋል፤ ታሪኩ እንዳይመለስ አላገደውም።

ናይጅል ዴኒስ ነው የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። መጽሐፉ ላይ ኮሊን ከሃሪ አንድ ዓመት በታች ነው። አባቱ ወተት አከፋፋይ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ጠንቋይ የሚባል ነገር ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ብርቁ ነው፤ ከሁሉም በላይ ብርቁ ሃሪ ነው። ፎቶ ያነሳዋል፣ ፎቶው ላይ እንዲፈርምለት ይለምነዋል፣ ኮሪደር ለኮሪደር ይከተለዋል። ዴኒስ ወንድሙ የሚመጣው በአራተኛው መጽሐፍ ነው። ትንሽዬ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ማታ ከጀልባ ላይ ሐይቁ ውስጥ ይወድቅና ግዙፉ ስኩዊድ ገፍቶ ይመልሰዋል፤ እሱ ግን እንደ ትልቅ ዕድል ቆጥሮት ለወንድሙ ሲያወራ ነው የምናገኘው። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ሁለቱም ተማሪዎቹ በድብቅ በሚያቋቁሙት የመከላከያ ቡድን ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ናይጅልን እዪው። ዊሊያም ሜሊንግ የተጫወተው ይህ ልጅ ቁመቱ የዴኒስ ነው። ምኞቱ ግን የኮሊን ነው፤ የሃሪን ፊርማ ይፈልጋል። አምስተኛው ፊልም ላይ በመከላከያ ቡድኑ ውስጥ የተቀመጠበት ወንበር የሁለቱም ነው። ስሙ ደግሞ የማንም አይደለም። ስለዚህ «ስሙ የተቀየረ ዴኒስ» ከማለት «ከሁለት ወንድማማቾች የተሰፋ ሦስተኛ ልጅ» ማለቱ ይቀርባል።

ለምን ሰፉት? የፊልም ጽሑፍ የሚያርም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ በእንግሊዝ የመጀመሪያ እትሙ 251 ገጽ ነው፤ ፊልሙ 161 ደቂቃ ፈጀ። አራተኛው መጽሐፍ 636 ገጽ ነው፤ ፊልሙ 157 ደቂቃ። መጽሐፉ ከእጥፍ በላይ ሲያብጥ ፊልሙ በአራት ደቂቃ አጠረ። አምስተኛው ይባስ፤ 766 ገጹ በ138 ደቂቃ ተጠቀለለ። በዚህ ሒሳብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከኋላ የሚቆመው ልጅ ነው። ዴኒስን ለማስገባት «ይህ የኮሊን ወንድም ነው» ማለት ያስፈልጋል። ያን ለማለት ኮሊን ራሱ መኖር አለበት። ኮሊን ደግሞ በአራተኛው ፊልም ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ፊርማ ለማግኘት አፉን ከፍቶ የሚቆም እንቦቃቅላ አይሆንም። አዲስ ስም ማብራሪያ አይጠይቅም። ልጁ ይገባል፣ ስሙ ይጠራል፣ ያልፋል።

ሕፃናትን መቅረጽም ቀላል አይደለም። ዳይሬክተራችሁ ሆሊውድ ይበል እንጂ ፊልሞቹ በዋናነት የተቀረጹት እንግሊዝ አገር፣ ሊቭስደን በሚባል ስቱዲዮ ነው። እዚያ ሕፃን ተዋናይ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በቀን የሚሠራበት ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው፤ ትምህርቱም ቀረጻው ቦታ ድረስ ይከተለዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ለሁለት ትንንሽ ወንድማማቾች ሰዓት ከማብቃቃት አንዱን ይዞ መሄድ ለማንም ይቀላል።

እስከዚህ ድረስ አልፈርድባቸውም። የምከራከረው ስሙ ላይ ነው። ምክንያቱም ይኸው ተከታታይ ፊልም ሌላ መንገድ እንዳለ ራሱ ደጋግሞ አሳይቷል። ርዕሰ መምህሩን ዱምብልዶርን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች የተጫወቱት ሪቻርድ ሃሪስ ናቸው። በ2002 አረፉ። ከሦስተኛው ጀምሮ ማይክል ጋምቦን ገቡ፤ ስሙ ዱምብልዶር እንደሆነ ቀጠለ። የትምህርት ቤቱ ዋና ሰው ፊቱ ተቀይሮ ተመልካቹ ተቀበለ! ፓርቫቲ ፓቲልን ሦስተኛው ፊልም ላይ አንዲት ልጅ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ሌላ ልጅ ተጫወተቻት። ላቬንደር ብራውንንማ ሦስት ልጆች ተጫውተዋታል። ከኋላ ስትቆም ሁለት ጥቁር ልጆች በየተራ ተጫወቷት፤ ስድስተኛው ፊልም ላይ የሃሪ ጓደኛ የሮን ፍቅረኛ ሆና ብዙ መናገር ሲደርሳት ሚናው ለጄሲ ኬቭ ተሰጠ። ያ ለውጥ እስካሁን የሚያነጋግረው በትክክለኛ ምክንያት ነው፤ ልጅቷ ንግግር ሲደርሳት የቆዳ ቀለሟ አብሮ ተቀየረ። እዚህ ግን የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። ስሟ አልጠፋም። ስለዚህ የመጨረሻው ፊልም ላይ ስትጠቃ ተመልካቹ ማን እንደተጎዳ ያውቃል።

ሥራን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወርም አለ፤ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ይኼ ነው እላለሁ። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ሃሪ ሐይቁ ውስጥ እንዲተነፍስ የሚያስችለውን ተክል የሚያመጣለት የቤት ኤልፉ ዶቢ ነው። ፊልሙ ላይ ኔቪል ነው። ኔቪል ቀድሞም ከዕፅዋት ጋር ፍቅር ያለው ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገጠመ፤ እንዲያውም ኔቪል ከፍ አለ። አምስተኛው ላይ ደግሞ የመከላከያ ቡድኑን የምታጋልጠው መጽሐፉ ላይ ማሪየታ የምትባል ተማሪ ናት፤ ፊልሙ ሥራውን ሃሪ ለሚወዳት ልጅ ለቾ ቻንግ ሰጠ። ያ ለእኔ አልጣመኝም። እውነት የሚያናግር መድኃኒት አጠጥተዋት ነው ተብሎ በኋላ ቢስተካከልም፣ ልጅቷ ሳታጠፋ ከታሪኩ ተገፍታ ቀረች። ማዛወር የሚያዋጣው ሥራው ከተቀባዩ ጠባይ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ጭራሽ መቁረጥም አለ። ፒቭስ የሚባለውን ረባሽ መንፈስ ኮሜዲያኑ ሪክ ሜያል ለመጀመሪያው ፊልም ተጫውቶት ነበር። ተቀርጾ፣ ተደክሞበት፣ ኤዲቲንግ ላይ ወጣ። በስምንቱም ፊልሞች ፒቭስ የለም።

እንግዲህ መቁረጥ፣ ማዛወርና ተዋናይ መቀየር ሦስቱም በእጃቸው ነበሩ። ለኮሊን ግን አራተኛውን መረጡ፤ ልጁን ጥለው ምኞቱን ለአዲስ ስም ሰጡ። አራተኛው ፊልም ላይ ሲታይ ምንም አይጎዳም። ዕዳው የመጣው በ2011 ነው። የመጨረሻው ውጊያ ላይ መጽሐፉ ከአምስት ጥራዝ በፊት የተከለውን ያን ካሜራ ያዥ ልጅ አምጥቶ ያስለቅሰናል። ፊልሙ የሚያመጣው ልጅ አልነበረውም። ኮሊንን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላሳየንም፤ ናይጅልን ደግሞ ያን ያህል አላሳደገውም። መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች ምን እንደጎደለበት አያውቅም፤ እውነት ነው። ታሪኩ ግን ዘርቶት የነበረውን ሳያጭድ ቀረ።

ናይጅልን አልጠላውም ግን። እንዲያውም ከእሱ የምትማሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። አራተኛው ፊልም ላይ የሚገባበትን ትዕይንት መልሳችሁ እዩት። ሮን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ናይጅል ጥቅል አምጥቶ ይሰጠዋል። ሮን ያመሰግነዋል። ልጁ አይሄድም። ቆሞ ሃሪን ያያል። ሮን አሁን እንዳልሆነ፣ በኋላ እንደሚሆን ነግሮ ያሰናብተዋል፤ ከዚያ ሄርማዮኒ ስታፈጥበት የሃሪን ፊርማ ቃል ገብቶለት እንደነበር ያምናል። ጥቅሉ ሲፈታ ዳንቴል የበዛበት አሮጌ የግብዣ ልብስ ይወጣል፤ ሳቁ ወደዚያ ይዞራል። ልጁ የታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ግን ምን እንደሚፈልግ አወቅን። ሮን የጓደኛውን ዝና እየቸረቸረ ትንሽ ልጅ እንደሚልክም አወቅን። አንድ የቆመ ልጅ ሁለት ሥራ ሠራ።

ኮሊንም በሁለተኛው ፊልም ያው ነው። ሮን በተሰበረ ዘንጉ የላከው ድግምት ወደ ራሱ ዞሮ ቀንድ አውጣ ሲያስታውከው፣ ሌላው ሰው ሲጨነቅ ኮሊን ካሜራውን ደቅኖ ሃሪን «እስቲ አዙረው» ይለዋል። በኋላ ድንጋይ ሆኖ የተገኘውም ካሜራውን እንደያዘ ነው። ዱምብልዶር የካሜራውን ጀርባ ሲከፍተው ጢስ ይወጣል። ዓይኑ የሚገድለውን ግዙፍ እባብ፣ ባዚሊስኩን፣ በሌንስ ውስጥ ስላየው ነው ሕይወቱ የተረፈችው። በረባ ባልረባው ያስቀን የነበረው ዕቃ አዳነው ማለት ነው። ከኋላ የሚቆም ልጅ እንዲታወስ ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። አንድ የሚፈልገው ነገርና አንድ ከእጁ የማይለይ ዕቃ ይበቃዋል።

የእናንተ ጥላሁን ሁለቱንም አሟልቷል። ክፍል አንድን አይቼዋለሁ። የኔታ ተቀምጠው ቅኔ ዘራፊው ተማሪ ቅኔውን ሲያሰማ፣ ጥላሁን ከጎን ቆሞ ኩራዙን በአንድ እጁ ይዟል፤ በሌላ እጁ ነበልባሉን ከነፋስ ይጋርዳል። አዲስ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በገባ ቁጥር «በሞጣ በኩል ነው የመጣኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስቱም አይደለም አሉት። ሌላ ንግግር የለውም። ልጁ ከቤቱ ወሬ እየጠበቀ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ይቀጥል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተክላችሁ ክፍል ሁለት ላይ አዲስ ስም ይዞ የሚገባ ልጅ ብታመጡ ምን ይሆናል? በሁለተኛውና በአራተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም መካከል ሦስት ዓመት አለ። ተመልካቹ ኮሊንን ረስቶት ነበር። የእናንተን ሦስት ክፍል ግን ሰው በስልኩ ተከታትሎ፣ ሻይ እየጠጣ፣ በአንድ ቁጭታ ነው የሚጨርሰው። ጥላሁን ከአሥር ደቂቃ በፊት ነበረ። «ያ ባለ ኩራዙ ልጅስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዚያ ጥያቄ ጭንቀት አዲሱን ልጅ እንዳያየው ያደርገዋል። በዚያ ላይ ወንድምየው ከሞጣ ሲመጣ ማን ሊቀበለው ነው? ክፍል አንድ ላይ ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያ ጋ ነው። ዳይሬክተራችሁ ሊጥለው ያሰበው የፊልሙን ምርጥ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሌላ ልጅ ፈልጉ፤ ጥላሁን በሉት። መልክ አመሳስላለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ቁመቱ ይቀራረብ፣ ድምፁ ያልጎረነነ ይሁን፤ ሌላው ይቅር። አገባቡን ግን በጥንቃቄ ሥሩት። መጀመሪያ ፊቱን አታሳዩ። ጨለማ ይሁን፤ ኩራዙና ነበልባሉን የሚጋርደው እጅ ብቻ ይታዩ። ከዚያ የኔታ «ጥላሁን፣ ወዲህ ጠጋ አድርገው» ይበሉ። ከዚያ ፊቱ ይምጣ። ደበሎው የክፍል አንዱ ራሱ ይሁን፤ ልጁ ይዞት ካልሄደ ማለቴ ነው። ወዲያው አንድ አዲስ ተማሪ ይግባና ጥላሁን ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀው። ይህ ሁሉ ከአሥራ አምስት ሰከንድ አያልፍም። ተመልካቹ ፊቱ መቀየሩን ያያል፤ ግን ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይቀበላል። ፊቱን ቀድማችሁ ካሳያችሁት ግን መጀመሪያ «ይኼ ደግሞ ማነው?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስም ብትጠሩ አንድ እርምጃ ዘግይታችኋል።

ይህ መንገድ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ክፍል ሁለት ላይ ከክፍል አንድ የተቆረጠ ትዝታ የምታስገቡ ከሆነ ሁለቱ ፊቶች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ያኔ ያምታታል። ትዝታውን አውጡት፤ ወይም የልጁ ፊት የሌለበትን ቁራጭ ምረጡ። ሌላው ደግሞ አዲሱ ልጅ ክፍል አንድ ላይ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል መሆን የለበትም። ትንሽ ክበብ ውስጥ ይህ ፈተና ነው፤ ያው ልጆቹ ያው ናቸው። ተመልካች ግን ፊት አይረሳም፤ በተለይ ጓደኞቻችሁ አይረሱም። ከክበቡ ውጭ ከ7ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል ፈልጉ።

ተዋናይ ጨርሶ ካጣችሁ ሁለተኛው ምርጫ ጥላሁንን በክብር መሸኘት ነው። የእናንተ ዓለም ለዚህ ከሆግዋርትስ የተሻለ ይመቻል። የሆግዋርትስ ተማሪ ሰባት ዓመት አንድ ቦታ ነው። የቅኔ ተማሪ ግን መምህር ፍለጋ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይዞራል። ጎጃም ደግሞ የሚዞርበት አያጣም፤ ዲማ አለ፣ ደብረ ኤልያስ አለ፣ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ። አንዱ ተማሪ ኩራዙን አንስቶ «ጥላሁን እኮ ወደ ዋሸራ ሄደ» ይበል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅም። ከዚያ ወንድምየው ይመጣል፤ አጣው። ይህ ራሱ ታሪክ ነው፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ይበልጣል። ችግሩ ክፍል ሦስትን እንደገና ማሰብ ይኖርባችኋል፤ ለፈተና እየተዘጋጃችሁ ያን ጊዜ ታገኛላችሁ ወይ የምትለው አንቺ ነሽ።

ሁለቱን ወንድማማቾች ወደ አንድ ማጠፍ ሦስተኛ ነው። እኔ ለእናንተ አልመርጠውም። ማጠፍ የሚቻለው ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ሲፈልጉ ነው፤ ኮሊንና ዴኒስ ሁለቱም ሃሪን እንደ ጉድ ያዩታል፤ አንዱ ቢቀር ምኞቱ አይጎድልም። የእናንተዎቹ ግን አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይመጣል። ጠባቂንና መጪን አንድ ልጅ ላይ ማድረግ አይቻልም። አዲስ ስም ማስገባት ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ ምንም ሲጠፋ ነው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ክፍል አንድ ላይ ያ ኩራዝ እውነተኛ እሳት ነው። የሣር ጎጆ ውስጥ፣ ደበሎ የለበሱ ልጆች ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ በሩ አንድ ብቻ ሆኖ። እያየሁ ልቤ ተሰቀለ። ክፍል ሁለት ላይ ጎጆው ውስጥ ለሚቀረጸው ኩራዙ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ደብቁ፤ የቢጫ ላስቲክ ቁራጭ ጠቅልሉበት። እውነተኛውን እሳት ደጅ ላይ ለሚቀረጽ ቅርብ ምስል ብቻ፣ ውሃ የያዘ ትልቅ ሰው አጠገብ አቁማችሁ ተጠቀሙ። ስልክ ጨለማ ውስጥ ምስል ስለሚያበላሽ የባትሪው ብርሃን ለጥራቱም ይረዳችኋል።

ስክሪፕቱ ላይ አንድ ተማሪ አብሾ ጠጥቶ ቅኔ የሚጎርፍለት ትዕይንት እንዳለ ጽፈሻል። አገራችን ውስጥ የሚነገር ነገር ስለሆነ ለምናባዊ ፊልም ይመቻል፤ አልከለክልም። ግን አብሾ የሚዘጋጅበት አስተናግር የሚባለው ተክል መርዝ ነው። ያቃዣል፣ ልብ ያስመታል፣ ይገድላልም። ቀረጻው ቦታ ላይ ቅጠሉም ዘሩም እንዳይደርስ። ዋንጫው ውስጥ የአብሽ ውሃ አድርጉበት። አዘገጃጀቱንም አታሳዩ፤ ዋንጫው ሲጠጣ ብቻ ይታይ። የሚያየው ሁሉ እንደ እናንተ ፊልም መሆኑን አይገነዘብም።

ከእውነተኛ ጉባኤ ቤት አጠገብ ልትቀርጹ ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከየኔታ ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የምትሠሩት ምናባዊ እንደሆነ፣ ቅኔው ሌሊት ነፍስ እንደሚዘራ ሳትደብቁ ንገሯቸው። በኋላ ከሚቆጡ አሁን ቢከለክሉ ይሻላል። ቀን ቀን ተማሪዎቹ በየዛፉ ሥር ለብቻቸው ቅኔ ሲቆጥሩ ታገኟቸዋላችሁ። ድንገት ካሜራ አትደቅኑባቸው፤ ያ ልጅ ማታ የኔታ ፊት የሚያቀርበውን ነው እያሰበ ያለው። የራሳችሁ ልጆች ወላጆችም በጽሑፍ ይፈርሙ፤ በተለይ አዲሱ ጥላሁን ሕፃን ስለሚሆን። ክፍል አንድ ላይ ከጀርባ የሰማሁትን የሃሪ ፖተር ዜማ ደግሞ አውጡት። የፊልሞቹ መብት የዋርነር ብራዘርስ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ድምፁ ሊጠፋባችሁ ወይም ቪዲዮው ሊወርድባችሁ ይችላል። ደግሞም ምን ያደርግላችኋል? በገናና መሰንቆ ያለበት አገር ተቀምጣችሁ።

ዛሬውኑ የምታደርጊው አንድ ነገር አለ። ክፍል አንድን እያቆምሽ እዪና ከኋላ ያሉትን ልጆች ሁሉ በወረቀት ላይ መዝግቢ፤ ማን የት ተቀመጠ፣ ምን ለበሰ፣ በየትኛው እጁ ምን ያዘ። ጥላሁን ኩራዙን የያዘው በግራ እጁ ነው። አዲሱ ልጅም በግራው ይያዝ። የመጨረሻው የስም ዝርዝር ላይ «ጥላሁን» ከሚለው ፊት ለፊት የሁለቱንም ልጆች ስም ጻፉ፤ ባሕር ዳር የሄደው ይቅደም።